የደጋፊ የውሎ አበል

እታለሜ፣ ዓይኔ፣ እንደምን ከርመሻል? ብርድ ሲጀምር የሚነሳብሽ የወገብ ሕመም ዘንድሮ ምሕረት አደረገልሽ ወይ? ሹፌሩ ባልሽስ ደህና ነው? መንታዎቹ ጥርስ አወጡ? አማትሽስ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይውጣሉ ወይስ አሁንም ትራስ ሥር ይደብቃሉ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ያስቸገረን ያንቺ ናፍቆት ብቻ ነው። የላክሽልኝ ሹራብ ደርሶኛል። እጅጌው ረዝሞብኝ ነበር፣ አጠፍኩት፤ አሁን ልክ ሆኖልኛል።

ለመጻፍ የዘገየሁት ሰንፌ አይደለም። ባለቤቴን ሃምሳ አለቃውን ለጡረታው ጉዳይ ወደ ከተማ ወስጄ መምጣቴ ነው። "ወስጄ" ማለቴን እሱ እንዳይሰማ፤ እሱ ለሰው የሚያወራው "ይዣት ሄድኩ" እያለ ነው።

ከውትድርና የተመለሰው በቆሰለ ጉልበት እንደሆነ ታውቂያለሽ። "የጉዳት ጡረታ ጠይቅ" ባልነው ቁጥር "እኔ ምን ጎደለኝ?" እያለ ሲመልሰን ኖሮ፣ አምና የአናጢነቱን ሥራ ቆሞ መሥራት ሲያቅተው ጊዜ ማመልከቻ አስገባ። መልሱ መጣ። ቦርድ ፊት ቀርቦ እንዲመረመር፣ ሲቆስል በዓይኑ ያየ ምስክር እንዲያመጣ፣ ብቻውን መንቀሳቀስ የሚቸግረው ከሆነም አንድ ደጋፊ ይዞ እንዲመጣ ይላል። የአመልካቹንም፣ የምስክሩንም፣ የደጋፊውንም የመጓጓዣ ወጪና የውሎ አበል መሥሪያ ቤቱ ይከፍላል። ይህን ሳነብለት "ደጋፊ" የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ ፊቱ ጠቆረ። "እኔ አጥር ነኝ እንዴ የምደገፈው?" አለ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከተማውን ካየሁ ልጆቹ ሳይወለዱ ነው። በልቤ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ። "እንግዲያው ደጋፊ አልባልም፤ ልብስህን ልተኩስልህ ነው የምመጣው" አልኩት። በዚህ ተስማማን።

ጭንቁ ምስክሩ ነበር። ሲቆስል አብረውት ከነበሩት በሕይወት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጸጉር አስተካካዩ። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው፣ በጦር ሜዳ ቁስለኛ ተሸካሚ የነበረው ሰውዬ፣ ታስታውሽው ይሆናል። ሁለቱ ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። ደም ተቃብተው እንዳይመስልሽ። ዳማ ሲጫወቱ ሃምሳ አለቃው አስነጠሰው፤ ሲያስነጥስ ዓይኑን ጨፈነ፤ ዓይኑን ሲገልጥ አንዷ ጠጠር ከነበረችበት የለችም። አበቃ። ከዚያ ወዲህ ጸጉሩን የምቆርጥለት እኔ ነኝ፤ በላክንልሽ ፎቶ ላይ እንደዚያ የሆነው ለዚህ ነው።

እንድለምንለት እኔን ላከኝ። ጸጉር አስተካካዩም ምላጩን እየሳለ "መመስከሩን እመሰክራለሁ፣ ግን ራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ" አለ። ሃምሳ አለቃው ሰንበት ብሎ፣ አጉረምርሞ አጉረምርሞ ሲጨርስ ተነስቶ ሄደ። እኔም ቅመም የምገዛ መስዬ ተከተልኩት። ሱቁ ገባ፣ ተራ ጠበቀ፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ቃል አልተነፈሰም። ያኛውም ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረለትና ጸጉሩን ቆረጠው፣ ጢሙን ላጨው፣ እኔ ያበላሸሁትን እያየ ከንፈሩን እየመጠጠ አስተካከለው። መጨረሻ ላይ ሃምሳ አለቃው ወደ መስታወቱ እያየ "ማክሰኞ ጠዋት መኪና አለ" አለ። ጸጉር አስተካካዩም ለመስታወቱ "እሺ" አለው። ልመናውም ዕርቁም ይኸው ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ መሃላቸው ተቀመጥኩ። አንዱ "መስኮቱን ይዝጋው በይው" ይለኛል፤ ሌላው "ሞቆኛል በይው" ይለኛል። በጆሯቸው እየሰሙ እኔ እንድደግምላቸው ይጠብቃሉ። ቃል ሳመላልስ አንገቴ ተጣመመ። መሥሪያ ቤቱ የያዘልን ማደሪያ ደግሞ አልጋ አጥሮት እኔን ከሴቶች ጋር ሲያስገቡኝ እነሱን ባንድ አልጋ ዳሯቸው። ጠዋት ላስነሳቸው ብሄድ ሁለቱም ለብሰው፣ ፊታቸውን ወደየግድግዳቸው አዙረው ተቀምጠዋል። የአንሶላው መሃል እንደተተኮሰ ነው።

ከቦርዱ ክፍል ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተራችንን ጠበቅን። ስሙ ሲጠራ ሃምሳ አለቃው ምርኩዙን ለእኔ አቀበለኝ። ምነው ስለው "አለቆች ፊት በምርኩዝ አይገባም" አለኝና ደረቱን ነፍቶ እንደ ምልምል ወታደር እየረገጠ ገባ። እኔና ምስክሩ ተከተልነው። ሦስት መኮንኖችና አንዲት ሐኪም ተቀምጠዋል። ሰላምታ ሰጥቶ፣ ተረከዙን አጋጭቶ ቀጥ አለ። ሰብሳቢው "ይቀመጡ እንጂ" ቢሉት "ይሄው ይሻለኛል ጌታዬ" አለ። ሐኪሟ "ጉልበትዎ እንዴት ነው?" አለችው። "ደህና ነው።" "ሲሄዱ ያምዎታል?" "አያመኝም።" "ሌሊትስ?" "ሌሊት እተኛለሁ።" እታለሜ፣ ሲያቃስት የሚያነጋ ሰው ነው እኮ። ጉልበቱን በሞቀ ጨርቅ ስይዝለት የማድረው እኔ ነኝ። ሐኪሟ ያለውን ሁሉ ስትጽፍ እያየሁ እጄን በእጄ ጨመቅሁ።

ምስክሩ ተጠየቀ። "ጉልበቱ ተሰብሮ ከኮረብታው እስከ ሕክምናው ድንኳን በጀርባዬ ተሸክሜዋለሁ" አለ። ሃምሳ አለቃው ፊቱን ሳያዞር "ግማሹን በእግሬ ነው የሄድኩት" አለ። "አልሄድክም።" "ወንዙን በእግሬ ነው የተሻገርኩት።" "ወንዙን የተሻገርኩት እኔ ነኝ። አንተማ ጀርባዬ ላይ ሆነህ ቀስ በል እያልክ ትቆጣኝ ነበር።" ያለ እኔ አስተርጓሚነት ሲነጋገሩ የመጀመሪያቸው መሆኑን ልብ በይልኝ። አንደኛው መኮንን ሳቁን በመሃረብ ሸፈነ። ሰብሳቢው ግን "አመልካቹ ራሳቸው ደህና ነኝ ካሉ እኛ ምን እናደርጋለን? መሄድ ይችላሉ" አሉ።

"እሺ ጌታዬ" አለ። አልተንቀሳቀሰም። "መሄድ ይችላሉ" ብለው ደገሙለት። "እሺ ጌታዬ።" አሁንም እዚያው ነው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ያን ጊዜ ገባኝ። ቀጥ ብሎ ሲቆም ጉልበቱ ተቆልፎበታል፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልሆንልህ ብሎታል። እኔ ምርኩዙን ይዤ ልነሳ ስል ጸጉር አስተካካዩ ቀደመኝ። ሄዶ ፊቱ ቆመ፣ ጀርባውን ሰጠው፣ ጎንበስ አለለት። ሃምሳ አለቃው በሹክሹክታ "ሰው ፊት አይሆንም" አለው። "ያኔም እንዲሁ ነበር ያልከኝ። ና ውጣ" አለው።

ሁለት እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። ግን ተሸካሚውም አርጅቷል፤ ቀና ማለት አቃተው። ተያይዘው ሊወድቁ ሲሉ እኔና ሐኪሟ ከግራና ከቀኝ ደርሰን ሁለቱንም ባንድ ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። የሳቀ ሰው የለም። ሐኪሟ ተንበርክካ ሱሪውን ወደ ላይ ሰበሰበችና ጉልበቱን ነካ አደረገችው። "ያማል?" "ትንሽ" አለ። ስንኖር ስንኖር "ትንሽ" ሲል ሰምቼው አላውቅም። ቀጥላ እኔን ጠየቀችኝ፤ ሌሊቱንም፣ ሥራውንም፣ ደረጃ ሲወርድ የሚያደርገውንም ነገርኳት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፤ አላስተባበለም። ከምሳ በኋላ አስጠሩንና ጡረታው መጽደቁን ነገሩን።

ከዚያ ገንዘብ ያዧ መስኮት ሄድን። "ደጋፊ አለዎት?" ስትለው እኔ ልብስ ተኳሽ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ። እሱ ግን ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ "አለኝ፤ ይህችው አለች" አለ። አበሌን ተቀብዬ ምን እንደገዛሁበት ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ። ባለ ተረከዝ ጫማ ገዛሁ።

ስንመለስ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መንገዱን ሙሉ ስለዚያች የዳማ ጠጠር ሲከራከሩ ዝምታቸው ናፈቀኝ። እኛ ሠፈር ስንወርድ ጸጉር አስተካካዩ ሻንጣችንን ይዞ ቀደመ። ሃምሳ አለቃውን ታውቂው የለ፣ ከተጋባን ጀምሮ እሱ ፊት ፊት፣ እኔ ኋላ ኋላ ነው የምንሄደው። ያን ቀን ግን ቆሞ ጠበቀኝና ጎረቤት ሁሉ በየበሩ እያየ ክንዴን ያዘ። "በዚህ ጫማ ትወድቂያለሽ ብዬ ነው" አለኝ። "እውነትህን ነው፤ አልለመድኩትም" አልኩት። እስከ በራችን ድረስ አልለቀቀኝም።

ለሹፌሩ ባልሽ "ቀስ ብለህ ንዳ" ብላለች በይልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። መንታዎቹን ጉንጭ ጉንጫቸውን፣ ለቀደመው ሳታዳዪ ሳሚልኝ። ሃምሳ አለቃው ሰላም ብሎሻል፤ ልጆቹም ናፍቀውሻል። አንቺን ደግሞ እስክጠግብ ድረስ ስሜሻለሁ።

እህትሽ
ከቤታችን በረንዳ፣ የካቲት 9 ቀን