የገዛ ልጄ ከቦክስ ግጥሚያ እንዲታገድልኝ

ለታዳጊዎች ስፖርት ፈቃድና ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ድሬዳዋ

ቀን፦ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

አመልካች፦ ወ/ሮ ትርንጎ ይሳቅ፣ በታይዋን ገበያ የልብስ ነጋዴ
አድራሻ፦ ሳቢያን

ጉዳዩ፦ ልጄ ግሩም ክፍሉ ጥር 24 ቀን ከተያዘለት የቦክስ ግጥሚያ እንዲታገድና የሕፃናት ግጥሚያ ሥርዓት እንዲበጅለት ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

ወላጅ ወደ ቢሮዎ ሲጽፍ ልጄ ተበደለ ብሎ እንደሆነ እገምታለሁ። የእኔ ወረቀት ልጄ በደለ፣ እኔም በደልኩ የሚል ነው። ቀኑ አጭር ስለሆነ ከክምሩ ሥር ሳይገባ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ልጄ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ሊደበድብ ቀጠሮ ተይዞለታል። ፕሮግራሙ ላይ የተጻፈው «ወዳጃዊ ግጥሚያ» የሚል ነው። እንዲህ ያለውን ወዳጅነት እኔ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ሁለተኛ ማየት አልፈልግም።

1. ግሩም የተወለደው የካቲት 6 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው። 16 ዓመት ሊሞላው የቀሩት ቀናት ናቸው። በነበልባል የታዳጊዎች ቦክስ ክለብ መዝገብ ላይ ግን ሰኔ 2003 ተወልዶ ከ14 ዓመት በታች ይጋጠማል። ዕድሜውን የቆረጥኩት እኔ እናቱ ነኝ። ልጁ ቀጭን ነው፤ ክብደቱም ከ42 ኪሎ አልዘል ብሎ ነበር። አሰልጣኙ ዑግባድ በ2015 ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ «ትርንጎ፣ ይሄ ልጅ በዕድሜው ከገባ ይቀጠቅጡታል፤ ሁለት ዓመት ብትቀንሺለት እሱ ይቀጠቅጣል» አለኝ። እሺ ለማለት ሻይ እስኪቀርብ እንኳን አልቆየሁም። የትኛዋ እናት ናት ልጄ ይቀጥቀጥ የምትል? የሚቀጠቀጠውም ልጅ እናት እንዳለችው ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም።

2. ለልደት ምዝገባው የክርስትና ካርድ ተጠየቅሁ። ካርዱ ቤቴ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ «የዘጠና ስምንቱ ጎርፍ ወሰደው» አልኩ። እኛ ድሬዎች የጠፋብን ወረቀት ሁሉ ያ ጎርፍ የወሰደው ነው፤ የቤት ካርታም፣ የጋብቻ ውልም፣ የትምህርት ማስረጃም። ጎርፉ የመጣው ግሩም ከመወለዱ ከሁለት ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ያልተወለደ ልጅ የክርስትና ካርድ በጎርፍ ተወሰደ ተብሎ ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታበት፣ እኔም አመስግኜ ወጣሁ። የጻፈውን ወጣት አልከስም። እኔም ራሴ ያልኩትን የሰማሁት አሁን ነው፣ ጉድ ከፈላ በኋላ።

ምስክር አምጪ ስባል ጎረቤቴን ወ/ሮ ሃዎ አብዲራሺድን ይዤ ሄድኩ። ግሩምን ስወልድ ምጥ ይዞኝ ሐኪም ቤት ያደረሰችኝ እሷ ናት። ቀኑን ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። «ወላሂ፣ ያንቺ ልጅ የኔ ልጅ ነው፤ የት ጋ ልፈርም?» ብላ ፈረመች። እሷ ውሸት የፈረመችው በጉርብትና ነው። እኔ ግን በስስት ነው።

3. ሃዎ ከዚያ በኋላ ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከመንገዱ እንዲቀርብ ቤታቸውን መልካ ጀብዱ አደረጉ። ልጇ ሁዘይፋ ከግሩም ኋላ እየሮጠ ያደገ፣ ግሩም ያደረገውን ካላደረገ የማያርፍ ልጅ ነው። እዚያም የቦክስ ቡድን ፈልጎ ገባ። በ12 ዓመቱ አጥንተ ሰፊ ሆኖ 42 ኪሎ ገባ። ኅዳር ላይ ዕጣ ሲወጣ ሁለቱ ተገጣጠሙ። እኔና ሃዎ በስልክ ተሳሳቅን። «ከባዳ እርስ በርስ ይሻላል፤ ሲሳሳቁ ያልቃል» ተባባልን። ከእኛ ከሁለታችን አንዳችንም፣ አንዱ 12 ሌላው 15 ነው ብላ አፏን አልከፈተችም። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል፤ እኛ ግን ያሳጠርነው በልጅ ላይ ነው።

4. ቅዳሜ ኅዳር 21 ቀን የሆነውን በዓይኔ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ። በመጀመሪያው ዙር ልጆቹ እውነትም ይሳሳቁ ነበር። ግሩም ነካ ነካ እያደረገ ይመለሳል። የራስ መከላከያው የትልቅ ሰው ሆኖ ዓይናቸው ላይ እየወረደ ስላስቸገራቸው ዳኛው አስወልቋቸዋል። ተመልካቹ አጉረመረመ፤ አንዱ ወንበር ላይ ወጥቶ «ሰርግ ነው እንዴ!» አለ። በዕረፍቱ ዑግባድ ልጄን ሁለት ጉንጩን ይዞ፣ «ወይ ጨርሰው፣ ወይ ጓንቱን አውልቅና ከእናትህ ጋር ቀሚስ ሽጥ!» ብሎ ጮኸበት። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ስለነበርኩ አንድም ቃል አላመለጠኝም።

ክቡር ሆይ፣ እኔም ተናደድኩ። በአሰልጣኙ እንዳይመስልዎ። የተናደድኩት በልጄ መለሳለስ ነው። ተነሥቼ «በለው! ግሩሜ፣ በለው!» አልኩ። ይህ ክለቡ ባቀረበው ሪፖርት ውስጥ የለምና እዚህ ይመዝገብልኝ።

ሁለተኛው ዙር እንደተጀመረ ልጄ ግራውን ሆዱ ላይ አሳረፈ። ሁዘይፋ ሲጎነበስ ቀኙን አፍንጫው ላይ ደገመው። ደሙ በአገጩ ወርዶ ነጭ ማልያውን አራሰው። ልጁ እጆቹን ዝቅ አድርጎ «ግሩሜ፣ አቦ በቃ» አለው። ስሙን ጠርቶ ነው የለመነው። ዳኛው ሊገባ አንድ እርምጃ ሲያነሳ ልጄ ጆሮ ግንዱን ሦስት ጊዜ ደራረበበት። ሁዘይፋ ቆሞ ተወዛወዘ፣ ከዚያ እጁን እንኳ ሳይዘረጋ በግንባሩ ተደፋ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ። እግሮቹ መንፈራገጥ እስኪጀምሩ ድረስ አጨበጨብኩ።

5. ሐኪም አልነበረም። ለሕክምና የተመደበው ወጣት የያዘው ፋሻና በላስቲክ የታሰረ በረዶ ነው። አምቡላንስ ተጠርቶ ስላልደረሰ ሃዎ ጭንቅላቱን፣ እኔ እግሩን ታቅፈን በባጃጅ ወሰድነው። ከጆሮው ደም ይንጠባጠባል፣ አፉ አረፋ ይደፍቃል። ምላሱን ነክሶ እንዳይበጥሰው ሃዎ ጣቷን ጥርሱ መሃል አስገባች። እስከ አጥንቷ ነከሳት፤ አላወጣችውም። ባጃጁ በየጉድጓዱ ሲዘል የሁለታቸው ደም ቀሚሴ ላይ ይረጫል። ሃዎ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፤ ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልሰደበችኝም።

ሐረር ተወስዶ የራስ ቅሉ ተከፍቶ የረጋ ደም ወጣለት። 11 ቀን አልነቃም። ዛሬ ቀኝ እጁ ማንኪያ አይጨብጥም። አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ ሐረሪኛውን ከሱማሌኛው ጋር ሲያደባልቅ የሚያስቀን ልጅ፣ አሁን የቀረው ሱማሌኛው ብቻ ነው፣ እሱም ተቆራርጦ። ልጠይቀው ስሄድ አማርኛዬ አይገባውም። ይቅር በለኝ የምለውም ሃዎ እየተረጎመችልኝ ነው። እናቱ ናት እየተረጎመች ያለችው!

6. ክለቡ «ሲወድቅ ጭንቅላቱ ወለል በመምታቱ የደረሰ ድንገተኛ አደጋ» ብሎ ሪፖርት አቅርቧል። ሃዎ አልተቃወመችም፣ መቃወሚያ ብትጽፍ የራሷ ፊርማ ስለሚወጣ። እኔም በራሴ ፊርማ ታስሬ ሁለት ወር ሙሉ ዝም አልኩ።

ዝም ባልኩበት ሁለት ወር ቤቴ ውስጥ የሆነው ይህ ነው። የታይዋን ገበያ ጎረምሶች ግሩምን «መዶሻው» የሚል ስም አወጡለት። ጥፋቱ የከበደው መስሎኝ የማባብለው እኔ ሞኟ! ስሙን ወዶታል። በታኅሣሥ ወር የዘጠኝ ዓመት እህቱ ሃኒ የስልኩን ቻርጀር አነሳች ብሎ በቡጢ አፏን መታት፤ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ሁለት ቦታ ተሰፋ። ልቆጣው ስጠጋ ሁለት እጁን ወደ አገጩ አነሳ፤ ሪንግ ላይ እንደቆመ። የወለድኩትን ልጅ ፈርቼ ወደ ኋላ ያልኩት ያን ቀን ነው። የቅዳሜውን ግጥሚያ ተው ብዬ ስለምነው፣ «በለው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አለኝ።

ወደ ዑግባድ ሄድኩ። «ወረቀቱ 2003 ይላል፤ እኔ የማምነው ማኅተም ነው» ብሎ በገዛ ወረቀቴ መለሰኝ። የቅዳሜውን ልጅ እናት ጠያይቄ አገኘኋት። እውነተኛ ዕድሜውን፣ የሁዘይፋንም ነገር አንድ በአንድ ነገርኳት። ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች፤ «ልጅሽ ፈራ እንዴ? በወሬ ልታሸንፊን?» አለችኝ። አልፈርድባትም። ኅዳር ላይ ማንም እንዲህ ብሎ ቢመጣብኝ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የቀሩኝ እርስዎ ነዎት።

7. ይህን ሁሉ ስል ስፖርት ይዘጋ ባይ እንዳልመስል። ግሩም ክለብ ከመግባቱ በፊት በ14 ዓመቱ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ከሰፈር ልጆች ጋር በድንጋይ ይፈነካከት ነበር፤ ሁለቴ ራሱ ተፈንክቶ መጥቷል። ከሰዓት በኋላ ጫት ቤት ደጃፍ መቆም ጀምሮ ነበር። ክለቡ ማልዶ አስነሣው፣ አስሮጠው፣ ጫቱን አስጠላው፣ ትምህርቱንም አስያዘው። ይህን ሁሉ ያደረገለት ሩጫው፣ ገመድ ዝላዩና ከጓደኛ ጋር መዋሉ ነው፤ የሰው ልጅ ጭንቅላት መምታቱ አይደለም። እኛ ወላጆች ግን ልምምዱን ለማየት አንድ ቀን ሳንሄድ፣ ለድብድቡ ወንበር እንሻማለን። ሕፃን ሲደማ የሚያጨበጭብ አዋቂ ባለበት አዳራሽ ጓንትና ዳኛ ምን ይፈይዳል?

ስለዚህ በአክብሮት የምለምነው፦

ሀ. ከሁሉ በፊት ግሩም ከቅዳሜው ግጥሚያ እንዲሰረዝ። ትክክለኛውን የክርስትና ካርድና የተጭበረበረውን የልደት ወረቀት አያይዤ አቅርቤያለሁ። ለሐሰቱ በሕግ የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ በተጠራሁበት ቀን እቀርባለሁ። በኅዳሩ ድል የተሰጠውን ሜዳሊያም ከዚህ ጋር በፖስታ አስገብቻለሁ። መውሰዴን ገና አላወቀም።

ለ. ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ጭንቅላት የሚመታበት ግጥሚያ እንዲቀር፣ ልምምዱ ግን እንዲቀጥል። በሌላውም ስፖርት ቢሆን ሐኪምና አምቡላንስ በር ላይ ሳይቆም ፊሽካ እንዳይነፋ። ዕድሜም በወላጅ አፍና በጎረቤት ፊርማ ሳይሆን በሐኪም ምርመራ ይጣራ። እኛን አትመኑን።

ሐ. ለሃዎ ምሕረት እንዲደረግላት። ሐሙስ ዕለት ልጽፍ ነው ብዬ ስነግራት፣ «ጻፊ አባዮ» አለችኝ፤ በሱማሌኛ እህቴ ማለቷ ነው። «ስሜንም አትደብቂ። ደብቀን ምን አተረፍን?» አለች። ከእንግዲህ እሷን መቅጣት ምን ትርፍ አለው? ከደረሰባት በላይ የሚቀጣት የትኛው ዳኛ ነው?

ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል። ለሁዘይፋ አልደረስንም፤ ለቅዳሜው ልጅ ግን አምስት ቀን አለን። ክቡር ሆይ፣ ውሳኔዎ እስከ ዓርብ ካልደረሰኝ የማደርገውን ድፍረት እንዳይሆንብኝ በጽሑፍ አስቀድሜ አሳውቃለሁ። ደወሉ ሲመታ ገመዱን አልፌ ሁለቱ ልጆች መሃል እቆማለሁ። ሥርዓት አደፈረሰች ተብሎ ፖሊስ የሚታዘዝብኝም ከሆነ ከወዲሁ ይታዘዝ፤ አልሸሽም። ልጄ ከጀመረ ማቆም እንደማይችል አውቃለሁ። ቡጢው እኔ ላይ ይረፍ፤ ያ ልጅ ግን በእግሩ ሄዶ ቤቱ ይግባ።

ከታላቅ አክብሮትና ከአንዲት ጥፋተኛ እናት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ትርንጎ ይሳቅ
የግሩም ክፍሉ እናት

አባሪ፦ የክርስትና ካርድ፣ የልደት ወረቀት፣ አንድ ሜዳሊያ