በውዱእ ድንጋዩ ላይ የተዉልኝ ቅጠል

አባባዬ፣ አላህ ቀብርዎን ያስፋልዎ። ከተለዩን ስድስት ወር አለፈ። ላሚቱ ወልዳለች፤ እማማ ወተት ስትቀዳ አሁንም የእርስዎን ድርሻ ታስቀምጥና ትዝ ሲላት ታለቅሳለች። ከተማሪዎችዎ ታላቁ ደረሳ በእርስዎ አጎዛ ላይ ተቀምጦ ቁርአን ያስቀራል፤ ግን ይቸኩላል። ይህን ሁሉ የማወራው ዋናውን ነገር ለማዘግየት ነው።

ያን ክረምት ደሴ ካለው የመምህራን ማሠልጠኛ የቤት ሥራ ይዤ መካነ ሰላም መጣሁ። አንድ ተክል መርጦ ወገኑን መለየት ነበር። እርስዎ ዘወትር ዓርብ በአሮጌ ማጭድ ከምንጩ ዳር፣ ለሶላት ከምንታጠብባቸው የውዱእ ድንጋዮች ላይ የሚፍቁትን አረንጓዴ መረጥኩ። ሥር የለው፣ ግንድ የለው፣ እንደ እርጥብ ቆዳ ተለጥፎ ይተኛል። ዣንጥላ መሳዩን የዘር አካሉን እስኪያወጣ ስሙን መቁረጥ አልችልምና አይፋቁት ብዬ ለመንኩዎት። ሰው ያዳልጣል ብለው ትንሽ አንገራገሩ፤ ግን ለእኔ እምቢ ማለት መቼ ያውቁበታል! በሦስተኛው ሳምንት ለዙህር ሶላት ሊታጠቡ ሲወርዱ ያዳለጠው እርስዎን ሆነ።

ዳሌዎ ተሰብሮ ተኝተው እንኳ ዣንጥላዎቹ ወጡ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ወጥተው ነበር፤ እንደ ጣት የተከፋፈሉት ሴቴ፣ ጠፍጣፋዎቹ ወንዴ። በአጉሊ መነጽር ከመጽሐፉ ጋር አስተያየሁት፤ ማርካንሺያ ይባላል። በዓለም ሁሉ ሞልቷል አባባ። የማሠልጠኛችን ቧንቧ ሥር ሳይቀር ነበረ፤ ስረግጠው ነው የከረምኩት። አልጋ ላይ እያሉ ይህን እንዴት ብዬ ልንገርዎት? ከእኛ ምንጭ በቀር የትም የለም ብዬ ዋሸሁ። ፊትዎ በራ። ለጠያቂው ሁሉ ሲያወሩት ሰንብተው በዚያው ሄዱ።

ውሸቴ ግን እዚህ ቀረ። ደረሶችዎ የሸኽዬ ቅጠል ነው እያሉ ድንጋዩን አናስነካም አሉ። ባለፈው ዓርብ አንዲት ነፍሰ ጡር ውኃ ልትቀዳ ወርዳ አዳልጧት ወደቀች። አላህ አተረፋት። ያኔ ሁሉንም ሰብስቤ ተናገርኩ፤ ቅጠሉ ተራ ነው፣ አባቴም የሞቱት በእኔ ሰበብ ነው አልኩ። ማንም አልተቆጣኝም። እማማ ብቻ ተነስታ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም።

ድንጋዮቹን እኔው ፋቅኋቸው። አፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ አባባ። በሕይወት እስካለሁ ስምዎን ሳላነሳ ከስግደት አልነሳም።

ይህን ስጽፍ እማማ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ማንበብ አትችልም፤ ለማን እንደምጽፍ ግን ገብቷታል። ወረቀቱን ሳጥፍ እሷንም አፉ በይኝ እላታለሁ።