በአራተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ስለተቆለፈው የብረት በር

ለቤቶች ማኅበራት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ግንቦት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ማኅበሩ በደረጃችን ላይ የቆለፈው በር ክርክሩ እስኪወሰን ክፍት ሆኖ እንዲቆይ እንዲታዘዝልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

እኔ አመልካች በጋራ መኖሪያ ሕንፃችን አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር የምኖር የቤት ባለቤት ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምሠራውም እዚያው ቤቴ ውስጥ ነው። እናቴ ግማሽ ጎኗን ካመማት ወዲህ ደረጃ የምትወርደው የእኔን ትከሻ ተደግፋ ነው።

1. ባለፈው ክረምት ሌባ በደረጃው ወደ ጣራ ወጥቶ የውኃ መሳቢያውን ሞተር ወሰደ። ማኅበሩም ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ፎቅ በሚያወጣው ደረጃ ላይ የብረት ፍርግርግ በር አስተከለ። በጊዜው እኔም እሰየው ብያለሁ፤ ሌባ የማይፈራ የለም። ቁልፉ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከዘበኛው ኪስ አይወጣም። ለየቤቱ ይባዛልን ብለን ስንጠይቅ፣ አንድ ቀን እንኳ ወታደር ሳይሆኑ ሁሉም «ሻለቃ» የሚሏቸው ሊቀ መንበራችን፣ ቁልፍ ከተባዛ ሌባም አይቸግረውም ብለው መለሱን።

2. ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቀን፣ በቀትር፣ ልብስ እየተኮስኩ ሳለ የሚቃጠል ጎማ የመሰለ ሸተተኝ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ካውያዬን ነበር። በሬን ስከፍት ደረጃው ጢስ በጢስ ሆኗል፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያለው የመብራት ቆጣሪ ሳጥን ተያይዟል። እናቴን ደግፌ እስከ ፍርግርጉ ወረድን። ተቆልፏል። ዘበኛውን ብንጣራ ብንጣራ የለም፤ ለካ ሻለቃው ሲሚንቶ እንዲያመጣ ልከውታል። የፎቁ ጎረቤታችን ነርሷ ፎጣ አርሳ አፍንጫችን ላይ አሰረችልን። ቋጠሮው ሦስት ጊዜ ተፈታባት፤ ነርስ ስትፈራ ማየት ደግሞ ከጢሱ ይብሳል።

እናቴ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና እጄን ይዛ፣ «አንቺ ቀጭን ነሽ፤ በብረቱ መሃል ከሾለክሽ ሂጂ። እኔን ተይኝ» አለችኝ።

ክቡር ኃላፊ፣ ጭንቅላቴን በብረቱ መሃል ለማሳለፍ ሞክሬአለሁ። ቁልፍ ልፈልግላት ይሁን ነፍሴን ላድን፣ እስከ ዛሬ ለራሴም አልገባኝም። አላለፈም።

በኋላ ከታች አንድ ሰው የመብራቱን ዋና ማጥፊያ አጠፋውና ጢሱ እየሳሳ ሄደ። ዘበኛው መጥቶ ሲከፍትልን ቀና ብሎ ሊያየን አልቻለም።

3. በደንቡ መሠረት ጉዳዩን አስቀድሜ ለማኅበሩ አስታራቂ ኮሚቴ አቀረብኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢም እኚሁ ሊቀ መንበር ናቸው። «የሞተ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁኝ። የለም አልኳቸው። «እንግዲያው ሰው አታሸብሪ» አሉና ስብሰባውን ዘጉ። ስንወጣ ነርሷ፣ ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ነው አለችኝ፤ በሳምንቱ ቤቷን ዘግታ እህቷ ዘንድ ገባች። በፎቁ ካሉት ሦስት ቤቶች የቀረው ከቀድሞም ሰው የለበትም። አሁን ፎቁ ላይ የቀረነው እናትና ልጅ ብቻ ነን።

ከዚያ ወዲህ ዘበኛው ለእኔ ሲሆን በሩን ቶሎ አይከፍትም፤ ታዝዤ ነው ይላል አንገቱን ደፍቶ። ሰሞኑን ደግሞ በበሩ ላይ ሁለተኛ ጓጉንቸር ተጨምሯል፤ የእሱ መክፈቻ ያለው በሻለቃው እጅ ነው።

ፈርቻለሁ፤ ሌላ ቃል የለኝም። እናቴ ጫማዋን ሳታወልቅ መተኛት ጀምራለች። እኔ ካውያ ማብራት ትቻለሁ፤ ደንበኞቼ ልብሳቸውን እንደተጨማደደ ይወስዳሉ። ከታች ሽንኩርት ሲያርር እንኳ ልቤ ከቦታው ይነቀላል።

ስለዚህ ክርክሩ እስኪወሰን በሩ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ እንዲታዘዝልኝ፣ ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ልኮ ደረጃውን እንዲያስመረምርልኝ፣ ክርክሩም ሊቀ መንበሩ በማይሰበስቡት ጉባኤ እንዲታይልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከመወሰኑ በፊት የማመልከቻዬ ግልባጭ ለማኅበሩ ደርሶ መልስ ሊሰጥበት እንደሚገባ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች አስረድተውኛል። ሥርዓት ነው፤ አልቃወምም። የምለምነው፣ ግልባጩን የሚያደርሰው ሰው አስቀድሞ ሁለቱን ቁልፎች አስከፍቶ፣ ከዚያ ወረቀቱን እንዲሰጥ ነው። ሻለቃው ይህን ሲያነቡ እኔና እናቴ ያለነው ከፍርግርጉ በስተውስጥ ነው።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የአራተኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ፣ ስለ ራሷና ስለ እናቷ