በአንድ አፍ ላሰርንህ

ሰይዴ፣ አላህ ይዘንልህ።

ከተለየኸን ወዲህ ይህ ሦስተኛው አዝመራ ነው። ማሽላው ዘንድሮ ጎርፉን በጊዜው አግኝቶ ከሰው ቁመት በልጧል፤ ማማው ላይ ወጥቼ ወፍ የምጠብቀው እኔው ነኝ። ቀዩን በሬ ሸጥኩት። ግድግዳው ላይ የለጠፍካቸውን ጋዜጦችም ማንበብ ችያለሁ። በመሠረተ ትምህርት ፊደሉን ብቻ አሳዩኝ፤ የቀረውን ከግድግዳችን ተማርኩት። በርጩማ ላይ ቆሜ የላይኛውን ስፈታ ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር።

ሳቅህ ይናፍቀኛል። ጎብዬ ገበያ ጨው የሚያመጡትን አፋሮች በቋንቋቸው እየቀለድክ ስታስቃቸው፣ እኔ ቃሉ ሳይገባኝ አብሬ እስቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ሰው የማይሰማው ድምፅ ይጠራኝ ጀመር ያልከኝ።

ቅሬው ስለ አንተ የተቀመጠበትን ቀን ልንገርህ፤ አንተ በር ላይ ስለነበርክ ሁሉን አልሰማህም። ቀባሪያችንም ፈራጃችንም ያው ቅሬው ነው። ዳኛው “ጂን ነው፤ ይታሰርና ቁርኣን ይቀራበት” አሉ። ከጎናቸው ያለው “እውነት ነው” አለ። ቀጣዩም እንደዚያው። ቀበሌው በየስብሰባው እጅ ማውጣት አስለምዶናል፤ ፊተኛው ያለውን መድገም ምላሳችን ላይ ቀልሏል። መጨረሻ ላይ እኔን ጠየቁኝ። ልቤ እንቢ እያለ “እናንተ ካላችሁ” አልኩ።

ታስረህ ሳለህ ተንቀጠቀጥክ። “ሊለቀው ነው፣ አብሽሩ!” ተባለ፤ ደስ አለን። ወባ ነበር፣ ሰይዴ፤ እንደታሰርክ ገደለህ። በዚህ ቆላ ተወልደን፣ የወባን ብርድ ከሕፃንነታችን እያወቅን፣ ሁላችንም በአንድ ላይ ዘነጋነው።

ከቀበርንህ በኋላ ጎረቤቶቻችን አንድ አንድ እያሉ መጡ። ሁሉም በሩን ገርበብ አድርገው “ወላሂ፣ እኔስ አልፈቀድኩም ነበር” አሉኝ። ታዲያ ማን ነበር የፈቀደው? ይህ ጥያቄ ከራሴ በደል እኩል አንገበገበኝ።

አሁን ደግሞ ሉባባ፣ የጎረቤታችን የእንድሪስ ሚስት፣ ከወለደች ወዲህ እንቅልፍ አጣች። ልጄን ሊወስዱብኝ ነው እያለች ትጮሃለች፤ ማጥባትም ተወች። ባሏ ተጨነቀና ቅሬው ተቀመጠ። በአንተ ቦታ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ዳኛው ልጁ ለአክስቱ ይሰጥ፣ እሷም ትታሰር አሉ። ሁለተኛው “እውነት ነው” አለ። ሦስተኛው አፉን ሲከፍት ተራዬን ሳልጠብቅ ተነሳሁ። “አትታሰርም!” አልኩ። ድምፄ አስደነገጠኝ።

አንዱ “ባሏ ያበደባት ዛሬ ሐኪም ሆና አረፈችው!” ብሎ አሳቃቸው።

“ሐኪም አይደለሁም፤ ያሰርኩት ሰው የሞተብኝ ነኝ” አልኩት። “እናንተም እቤቴ መጥታችሁ አልፈቀድንም ያላችሁኝ ናችሁ። ፊት ለፊት በሉት እስቲ።”

ሽማግሌው አባ ይማም መሬት እያዩ “እኔ ብያታለሁ። ያኔም አልፈቀድኩም፣ ዛሬም አልፈቅድም” አሉ። እንድሪስ ቀና አለ። ዳኛው ጋቢያቸውን ጠቅለል አድርገው በንዴት ወጡ፤ ሌላው ሰው ግን ለማሰር ከመቀመጫው አልተነሳም።

ሉባባ አሁን እኔ ቤት ናት። ከእንድሪስ ጋር ሆነን ቆቦ ጤና ጣቢያ አድርሰናት ነበር፤ ሴት ስትወልድ እንዲህ ያለ ሕመም ሊይዛት እንደሚችል፣ እንደሚታከምም ነገሩን። ኪኒኑን ሰዓቱን ጠብቄ እሰጣታለሁ። ገና አልዳነችም። ትናንት ግን ልጁን አቅፋ አጠባችው። እንድሪስ በር ላይ ቆሞ አለቀሰ።

ዳኛው ከቅሬው ሊያስወጡኝ እየዞሩ ነው አሉ። ስሞት ቀባሪ ላጣ ነው። ይሁን። ለሬሳዬ ፈርቼ የሰው ነፍስ አላስርም።

አንተን ግን አልረሳህም። በየዓመቱ ሰደቃህን አወጣለሁ። ዱዓ ሊያደርግ የመጣ እንግዳ በምን ሞተ ብሎ ሲጠይቅ፣ ጂን ወሰደው የሚሉ ይኖራሉ። እኔ ከሁሉም ድምፅ በላይ፣ ቅሬው ሁሉ እየሰማ፣ “ሰይድ ታሞ ነበር፤ እኛ አስረነው ሞተ” እላለሁ።

ሚስትህ ፋጡማ