በመገናኛ አደባባይ ፍሬቻ ላላሳዩት ጓድ ሊቀመንበር

ጥር 22 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ገብረማርያም አበጋዝ፣
የቀበሌያችን የመንገድ ሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ሊቀመንበር

ጓድ ሊቀመንበር፣ ወገብዎን ቁርጥማት፣ የላዳዎን ጎማ ምስማር እንዳይነካው ከልብ እየተመኘሁ ይህን ደብዳቤ በቀበሌው የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ለጥፌያለሁ። በፖስታ ያልላክሁት ከሥራ ብዛት ሳያነቡት እንዳይቀሩ ሰግቼ ነው፤ እዚህ ከተለጠፈ ያነበበ ሁሉ ይነግርዎታል።

እኔ ሙዘይን ሳልህ እስከ መስከረም ድረስ ከመገናኛ ጉርድ ሾላ የምመላለስ፣ ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ የሚቀመጥበት የውይይት ታክሲ ሾፌር ነበርሁ። ዛሬ በእርስዎ ቸርነት እግረኛ ስለሆንሁ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ መስከረም 15 ቀን ጠዋት በአደባባዩ ስለሰጡኝ ትምህርት አመሰግናለሁ። ወደ ጉርድ ሾላ ለመውጣት የቀኙን ረድፍ ይዤ፣ የቀኝ ፍሬቻዬን አብርቼ ስሄድ፣ እርስዎ ከውስጠኛው ረድፍ ያለ ምንም ምልክት በፊቴ አቋርጠው ወጡና ታክሲዬን ከጠርዙ ድንጋይ ጋር አላተሙት። ሃያ ዓመት ስነዳ አደባባይ የሁሉም ይመስለኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ሌላ ሰው እንዳይቸገር ብለው ገጪም፣ ከሳሽም፣ ዳኛም ስለሆኑልኝ አመሰግናለሁ። ኮሚቴዎ «የሕዝብ ሥራ ይዞ የሚቸኩል መኪና አደናቅፏል» ብሎ መንጃ ፈቃዴን ለአንድ ዓመት ነጠቀኝ። ያን ቀን ይዘውት የነበረው የሕዝብ ሥራ ከኋላ ወንበርዎ ላይ እግሩን ታስሮ የተኛው የመስቀል በግ እንደነበረ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሕዝብነቱን ግን አልተጠራጠርሁም።

ሦስተኛውን ምስጋና ወይዘሮ አሳየች ራሳቸው ቢያቀርቡ ይሻል ነበር። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው እየወረዱ አራት ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ያን ጠዋት አንድ ጊዜ እንኳ ጀርባዬን ላሳርፍ ብለው ታክሲዬ ውስጥ ገብተው ነበር፤ ቀኝ ክንዳቸው ተሰበረ። ወጌሻው የሚችለውን አደረገ፤ ጣቶቻቸው ግን ዛሬም የእንጨት ገመድ አይቋጥሩም። እርስዎ ከመኪናዎ ወርደው ቀድመው የዳሰሱት የላዳዎን መከላከያ ነበር። ጓድ፣ እዚህ ላይ ፌዙ አልመጣልኝም፤ ይህን አልረሳሁትም፤ አልረሳውምም።

አራተኛው ምስጋና ከሁሉ ይበልጣል። ሥርዓት እንድማር ብለው ክንዴ ላይ ቀይ ጨርቅ አስረው በየጠዋቱ አደባባዩ ዳር አቆሙኝ። ፍሬቻ የማያሳየውን፣ ረድፉን የሚስተውን መኪና ሰሌዳ እየመዘገብሁ እዚሁ ግድግዳ ላይ እንድለጥፍ አዘዙኝ። ከሦስት ጊዜ በላይ የተመዘገበ ሁሉ፣ «ማንም ይሁን ማን»፣ በእሑድ ስብሰባ ተነሥቶ ግለ ሂስ እንዲያደርግና መንጃ ፈቃዱን እንዲያስረክብ የሚለውን መመሪያም በፊርማዎና በማኅተም አጽንተው ሰጡኝ። ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አጥንቴን እየበሳው አራት ወር ሙሉ አንድ ጠዋት ሳልቀር ቆሜያለሁ።

ዝርዝሩ ከዚህ ደብዳቤ ጎን ተለጥፏል። አንዳንዱ ሾፌር አንድ ጊዜ፣ አንዳንዱ ሁለት ጊዜ ገብቶበታል፤ ሦስት የሞላለት እንኳ የለም። አንዲት ነጭ ላዳ ብቻ ስድሳ አራት ጊዜ ተመዝግባለች። ባለፈው ማክሰኞ ፍሬቻዋ ብልጭ ሲል ባለቤቷ ተመከረ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ወዲያው መጥረጊያው በደረቅ መስታወት ላይ ሲመላለስ አየሁና ጣትዎ በስሕተት ያበራውን ፍሬቻ ማጥፊያ እየፈለገ መሆኑ ገባኝ።

አባቶቻችን ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅምና ይሉ ነበር። እርስዎ ግን ምሰው፣ አርቀው፣ ማኅተም መቱበት። ወረቀቱን ለመገንጠል እንዳይደክሙም፣ አንድ ቅጂ ከቀበሌያችን በላይ ላለው ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤት፣ አንድ ቅጂ ለታክሲ ተራው፣ አንዱን ደግሞ ለወይዘሮ አሳየች ሰጥቻለሁ።

በተቀሩት ዘመኖችዎ ሁሉ ረድፍዎ እንዲቀናልዎ እየለመንሁ፣ በእጅዎ ባሰሩልኝ ቀይ ጨርቅ ሥልጣን፣

ትጉህ መዝጋቢዎ፣
ሙዘይን ሳልህ

ማስታወሻ፦ የእሑዱ ስብሰባ የሚጀመረው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። መንጃ ፈቃድዎን አስረክበው ሲወጡ በእግር እንዳይጉላሉ ባልደረባዬ ነጅመዲን ውይይት ታክሲውን ደጃፍ ላይ አቁሞ ይጠብቅዎታል። ከወይዘሮ አሳየች ፊት ለፊት ያለውን ቦታ አስይዤልዎታለሁ፤ እስከ ጉርድ ሾላ ድረስ ክንዳቸውን እያዩ ይሄዳሉ።