የጥቅምት ሚካኤል ተራሽ በደረሰ ጊዜ

የሺዬ፣ የልጆቼ እናት፣

ካንቺ ከተለየሁ ይኸው አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነኝ። በሐምሌ፣ የሩዙ አረም እንኳ ሳያልቅ ነበር ጥለሽን የሄድሽው። አሁን ጥቅምት ገብቷል። ማሳው ዳር ተቀምጬ ወፍ እየጠበቅሁ፣ ከልጃችን ከማስተዋል ደብተር በገነጠልኩት ወረቀት እጽፍልሻለሁ። ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ፤ ዛሬም ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው።

ስለ ቤታችን ልንገርሽ። ቦራ ላማችን ወለደች፤ ጥጃዋም እንደ እናቷ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። ትንሿ ልጃችን ታሪኳ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስታወራ አፏ ያፏጫል፤ ዝም በይ ብትባል ግን አትሰማም። ማስተዋል ስምንተኛ ክፍል ገብታለች። ምዕራብ በኩል ያለውን ግድግዳ አፍርሰን እንደገና ሠራነው። እንዴት እንደፈረሰ ደግሞ ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

የጻፍኩልሽ ግን ይህን ለመንገር ብቻ አይደለም። ካንቺ በኋላ ከእግዚአብሔር ጋር ስለሆንኩት ነገር ልነግርሽ ነው። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ከኔ ብትሰሚው ይሻላል።

ከጣራ ገዳም ጠበል ስንመለስ ትዝ ይልሻል? መንገድ ዳር ዋርካ ሥር አረፍን። እኔ ለሚካኤል ይህን አስገባለሁ፣ ያን እሰጣለሁ እያልኩ ስእለቴን እደረድር ነበር። አንቺ ነጠላሽን ከፊትሽ ገለጥ አድርገሽ፣ «ብድንም የሱ ነኝ፣ ባልድንም የሱው ነኝ። አትከራከረው» አልሽኝ። ተስፋ የቆረጥሽ መስሎኝ ተናደድኩብሽ። እስከ ወረታ ድረስ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ከፊት ከፊትሽ ሄድኩ። ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስንት ቃል ልንነጋገርበት የምንችለውን መንገድ ነው ያባከንኩብሽ።

አርባሽ ሳይወጣ ወንዙ ሞላ። ውኃው ማሳውን አልብሶ በአንድ ጀምበር ደጃችን ደረሰ። ልጆቹንና ከብቶቹን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ወጣሁ። ውኃው ሸሽቶ ስንመለስ ሩዙ ደለል ተጭኖበታል፤ ግድግዳው ከሥሩ በስብሶ ወድቋል፤ ጋኖችሽም ተሰባብረዋል። ሰው ሁሉ «እግዜር ያውቃል፣ አይዞህ» ይለኝ ነበር። እኔ በሆዴ «ካወቀማ ለምን?» እላለሁ። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን መሳም ተውኩ። ደወል ሲደወል በሬዎቼን እየነዳሁ በሌላ በኩል እሄዳለሁ። መቃብርሽ እዚያው ግቢ ውስጥ ነውና፣ እሱን ስሸሽ አንቺንም ሸሸሁሽ።

አምና ጥቅምት ሲቃረብ የሚካኤል ማኅበር ተራሽ ደረሰ። ማኅበሩን የሚመሩትን ሙሴ መንገድ ላይ አገኘኋቸውና፣ «ከእንግዲህ ስማችንን ያውጡት። የምደግሰውም የለኝ፣ የምለምነውም የለኝ» አልኳቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

ማስተዋል ይህን ሰማች። በረት እየጠረገች ነበር፤ እጇን እንኳ ሳትታጠብ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«አባዬ፣ እናቴ ተራዋን አሳልፋ ታውቃለች?»

«የለንማ ልጄ። ቤቱን እያየሽው።»

«ያለንን እናቀርባለን። እሷ ታማ እንኳ ግድግዳ ተደግፋ ደግሳለች። አንተ ከተቀየምክ ተቀየም፤ የሷን ግን አታስቀርባት።»

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ የሺዬ! ቆጥ ላይ ስለነበር ውኃው ያልነካው ጥቂት ሩዝ ነበረን፤ እሱን አውርጄ ሰጠኋት። ለዳቦው ፈጨች፤ ለጠላው ጌሾ ከጎረቤት ለመነች። ሸክላ ሠሪዋ እናኑ ወሬው ደርሷት ኖሮ አዲስ ጋን አዝላ መጣች። ላመሰግናት አፌን ስከፍት፣ «ዝም በል፣ ላንተ መሰለህ? ይኼ የየሺ ነው» ብላኝ ደጃፉ ላይ አስቀምጣው ተመለሰች።

በሚካኤል ዕለት ማኅበርተኞቹ ከቅዳሴ መልስ መጡ። ግድግዳ በወደቀበት በኩል ማስተዋል ጋቢዬን ጋርዳዋለች። ቤቱ ገና ደለል ደለል ይሸታል፤ ማንም ግን ፊቱን አላጨማደደም። የንስሐ አባታችን ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ሲባርኩ እኔ በረቱ አጠገብ ቆሜ ነበር። ስሜን ጠርተው «ግባ እንጂ» አሉኝ።

«አባቴ፣ ይተዉኝ። ከሱ ጋር ተጣልቻለሁ። በቂም ጽዋ አይጠጣም» አልኳቸው።

ይገሥጹኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ታመመ ሰው አዩኝና፣ «ካባቱ የተቀየመ ልጅም ሲመሽ ቤቱ ይገባል። ቂምህን ይዘህ ግባ፤ ለራሱ ንገረው» አሉኝ።

ገባሁ። ጽዋውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ስእለት አልተሳልኩም፤ ምክንያትም አልጠየቅሁም። «ጌታዬ፣ የሺን ወሰድክብኝ። እኛን ግን አትልቀቀን» አልኩት፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ከዚያ በቀብርሽ ዕለት ያላለቀስኩትን ለቅሶ በሰው ፊት አለቀስኩ። ማስተዋል መጥታ ከጎኔ ቆመች፤ ማንም አይዞህ አላለኝም፤ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

ሐዘኔ በዚያ ቀን አለቀ ብዬ አልዋሽሽም። ክፉ ወራት አሳለፍን። ውኃው በሸሸበት ጭቃ ላይ ጓያ ዘራሁ፤ በሱና በወገን እጅ ክረምቱን ተሻገርን። ማኅበርተኞቹ በደቦ ወጥተው ግድግዳውን አቆሙልን። ለምን እንደወሰደሽ ዛሬም አላውቅም፤ ማንም አልነገረኝም። ግን ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት ወደ ሚካኤል እሄዳለሁ፤ ደጁን ስሜ ወዳንቺ እዞራለሁ። ዘንድሮ ሩዙ ደህና ነው፤ ቢሆንም ገና አልታጨደም። ባለፈው ሰሞን ሰማዩ ሲጠቁር ልቤ ክፉኛ ደነገጠ። ቆሜ ጸለይኩ፤ ከዚያ ሄጄ በሬዎቹን አጠጣሁ። አምና ቢሆን እንዲህ አላደርግም ነበር።

ናፍቆትሽ ግን አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ከወረታ ገበያ ሲመለስ፣ ከሩቅ አረማመድሽን እፈልጋለሁ። እንደማትመጪ እያወቅሁ፣ የመጨረሻው ሰው እስኪያልፍ ከመንገዱ ዳር አልነሣም።

በየቅዳሴው የክርስትና ስምሽን አስጠራለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ አላጓድልም። ታሪኳ ደግሞ መልክሽ እየጠፋባት ነውና በየቀኑ አንድ አንድ ነገርሽን ልነግራት ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ትናንት «እማዬ ስትስቅ እንዴት ነበር?» አለችኝ። እንዳንቺ ልስቅላት ሞከርኩ፤ የታመመ በግ ድምፅ ወጣኝ። ይኼኔ ማስተዋል ከጓዳ ሆና ሳቋ አመለጣት፤ ሆዷን ይዛ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። እኔም ወደ ማስተዋል እያመለከትኩ ታሪኳን «እንደዚህ ነበር» አልኳት።

እግዚአብሔር በቀኙ ያቁምሽ።

ያንቺው፣
ደሳለኝ