የጎሹ መፈለጊያ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቦንጋ

ዛሬ የወንድሜ የታደለ ሳልስት ነበር። ለፈረንጅ አዳኞች የጫካ መሪ አድርጎ የቀጠረው ጋሽ መኩሪያ ድንኳን ገባ። እናቴን "እግዜር ያጽናሽ" አላት፤ ንፍሮም ዘገነ። ከዚያ ክንዴን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ሊያጽናናኝ መስሎኝ ነበር።

"የኔ ልጅ፣ በወንድምህ ልብስ ውስጥ ትንሽ ጥቁር ዕቃ አላገኛችሁም? ስልኬ እዚህ ሰፈር ናት ይላል። የፈረንጁ እንግዳ ንብረት ናት።"

ለካ ለቅሶ የመጣው እሷን ተከትሎ ነው!

ዕቃዋን አውቃታለሁ። አዳኙ ከሚያስወነጭፈው ፍላጻ ጋር ሄዳ አውሬው ቆዳ ላይ ትጣበቅና የት እንዳለ በስልክ ታሳያለች። ያን ቀን ፈረንጁ የወጋው ጎሽ ቆስሎ ሲሸሽ እሷ አንድ ቦታ ቆመች። ታደለ "ትንሽ እንቆይ" ብሎ ነበር አሉ። ጋሽ መኩሪያ ስልኩን እያየ "ቆሟል እኮ፣ ሞቷል! ምን ያስፈራሃል? ሂድ!" አለው። ጎሹ ግን አልሞተም፤ ቁጥቋጦ ነው ከቆዳው ያላቀቃት። ታደለ ጎንበስ ብሎ ሲያነሳት ከኋላው መጣበት።

"አላየሁም ጋሼ" አልኩት።

"እስቲ ፈልጋት፣ አንተ ጎበዝ ልጅ አይደለህ?"

ፈልጋት! ወንድሜን "ሂድ" ባለበት አፉ!

አስከሬኑ ሲመጣ ከተጨበጠ እጁ ያወጣኋት እኔ ነኝ። አሁን የትምህርት ቤት ቦርሳዬ ውስጥ ቀይ መብራቷ ብልጭ ድርግም ይላል። አልሰጠውም። ስልኩን ከፍቶ ይያት፤ ቆማለች። ዛሬ ግን ሰው አይላክ፣ ራሱ ይምጣ።